የጾታ እኩልነትን በጤና ምርምር ቡድን ውስጥ በሥራ ላይ ማዋል፦ ደረጃ በደረጃ

«የምርምር ክፍላችን ለሴትም ለወንድም እኩል የሚያሠራ እንዲሆን እንፈልጋለን፤ የትኛውን ሥልጠና እንስጥ?» የሚለው ጥያቄ በየጊዜው ይደርሰኛል። ጠያቂዎቹ የላቦራቶሪ ኃላፊዎች፣ የክሊኒካዊ ሙከራ አስተባባሪዎችና የሰው ኃይል ባለሙያዎች ናቸው። መልሴ አልተለወጠም፦ ሥልጠናውን ለጊዜው ያቆዩትና የቅጥር ቅጹን፣ ቃለ ጉባኤውንና የደመወዝ መዝገቡን ያውጡ። የሰውን አመለካከት መለወጥ ዓመታት ይፈጃል፤ ቅጽ መለወጥ ግን የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ከሚቀለው እንጀምራለን።

መመሪያው የተጻፈው ከአሥር እስከ መቶ ሰው ላለው የምርምር ቡድን ነው። ከዚያ የሚበልጡ ተቋማት በየክፍላቸው ይሥሩት። ቅደም ተከተሉን አያዛቡ፤ አንዱ ደረጃ የሚያወጣው መረጃ ለቀጣዩ ግብዓት ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ያለፉት ሦስት ዓመታት የቅጥር፣ የዕድገትና የስንብት መዝገብ
- የወቅቱ የደመወዝ ዝርዝር፣ ከሥራ ደረጃና ከቅጥር ዘመን ጋር
- ቡድኑ ያሳተማቸው ጽሑፎችና ያስገባቸው የገንዘብ ድጋፍ ማመልከቻዎች፣ ከነደራሲዎቻቸው ቅደም ተከተል
- የቅርብ ጊዜ የስብሰባ ቃለ ጉባኤዎች
- በይለፍ ቃል የተቆለፈ የሰንጠረዥ ፋይል፣ ከሁለት ሰው በላይ የማይከፍተው
- ውሳኔ ላይ የሚፈርም የበላይ ኃላፊና ትንሽም ቢሆን የተለየ የበጀት መስመር

የመጨረሻው ከሌለ አይጀምሩ። ፈራሚ የሌለው ጥናት ተጠርዞ መደርደሪያ ላይ ይቀራል።

ደረጃ 1፦ ባለቤት ይሰይሙለት

ባለቤት ያልተሰየመለት ሥራ «በፈቃደኝነት» ስም በአንዲት ጀማሪ ሴት ተመራማሪ ትከሻ ላይ ይወድቃል። ወንዶቹ የሥራ ባልደረቦቿ ጽሑፍ ሲያሳትሙ እሷ ኮሚቴ ትመራለች፤ በዕድገት ጊዜ ደግሞ ጽሑፍሽ የት አለ ትባላለች። ስለዚህ የተሰየመው ሰው፣ ሴትም ትሁን ወንድ፣ ከሳምንቱ ቢያንስ ግማሽ ቀን በሥራ ዝርዝሩ ላይ ይያዝለት፤ በአፈጻጸም ምዘናም ይቆጠርለት።

ዕቅዱን ሲያረቅቁ የአውሮፓ ኅብረት «ሆራይዘን ዩሮፕ» የምርምር ፈንድ የሚጠይቃቸውን አራት ነገሮች እንደ አጽም ይጠቀሙ። ከእ.ኤ.አ. 2022 ጥሪዎች ጀምሮ የአባልና የተባባሪ አገሮች የምርምር ተቋማት፣ ዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት አካላት ገንዘቡን ለማግኘት እነዚህን ማሟላት አለባቸው፦ በበላይ ኃላፊ የተፈረመና ለሕዝብ ይፋ የሆነ ሰነድ፣ የተመደበ ሀብትና ባለሙያ፣ በጾታ የተለየ መረጃና ዓመታዊ ክትትል፣ እንዲሁም ሥልጠና። ሥልጠናው ከአራቱ አንዱ ብቻ መሆኑን ልብ ይበሉ።

ደረጃ 2፦ በየደረጃው ይቁጠሩ

«ከሠራተኞቻችን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው» የሚል መልስ ምንም አይነግርዎትም። በጤና ምርምር ውስጥ ብዙ ጊዜ ሴቶች በነርስነት፣ በመረጃ ሰብሳቢነትና በላቦራቶሪ ቴክኒሻንነት ይበዛሉ፤ ወደ ዋና ተመራማሪነት ሲወጣ ቁጥራቸው ይመናመናል። ድምሩ ይህን ይሸፍነዋል።

ሰንጠረዥ ይሥሩ። በቁመት የሥራ ደረጃዎቹን ከመረጃ ሰብሳቢ እስከ ዋና ተመራማሪ ይዘርዝሩ። በአግድም ያመለከቱ፣ ለቃለ መጠይቅ የተጠሩ፣ የተቀጠሩ፣ ያደጉ፣ የለቀቁ ብለው እያንዳንዱን በጾታ ይክፈሉ። ቋሚና ኮንትራት ሠራተኛንም ይለዩ፤ በኮንትራት ያለ ሰው ፕሮጀክቱ ሲያልቅ «ለቀቀ» ተብሎ ስለሚጻፍ ትክክለኛው ምክንያት ይጠፋል።

አሁን ቁጥሩ የሚሳሳበትን ቦታ ይፈልጉ። አመልካቾች በቂ ሆነው የተጠሩት ጥቂት ከሆኑ ችግሩ ማጣሪያው ላይ ነው፤ ደረጃ 4 ላይ ይበርቱ። ተቀጥረው ከጥቂት ዓመታት በኋላ የሚለቁ ከሆነ ደረጃ 5፣ 8 እና 10 ላይ ይበርቱ። በቂ አመልካች ራሱ ካልመጣ ማስታወቂያው የት እንደወጣና ማን እንዳየው ይጠይቁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከ5 ሰው በታች የሆነ ቁጥር በሪፖርት አያውጡ። «ከፍተኛ ተመራማሪ፣ ሴት፣ አካል ጉዳተኛ፦ 1» ብሎ መጻፍ ስሟን ከመጻፍ አይለይም። ጾታን፣ አካል ጉዳትንና የመሳሰሉትን ሰዎቹ ራሳቸው ይሙሉ፤ «መመለስ አልፈልግም» የሚል ሳጥንም ይኑር። አለቃ በግምት የሞላው መረጃ ስሕተት ነው፣ ያስቀይማልም።

ደረጃ 3፦ ደመወዙን ያነጻጽሩ

በአንድ ደረጃ ያሉትን ጎን ለጎን ያስቀምጡና ልዩነት ባለበት ሁሉ ምክንያቱን በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፉ። «የሌሊት ተረኛ ነው» ምክንያት ነው። «ሲቀጠር ተደራድሮ ነው» ግን ምክንያት አይሆንም፤ ድርድርን የሚደፍርና ሲደራደር በበጎ የሚታይ ሰው ሁሌም አንድ ዓይነት አይደለምና። መፍትሔው የደመወዙን መነሻና ጣሪያ ከማስታወቂያው በፊት መወሰን ነው። «ባለፈው መሥሪያ ቤት ስንት ይከፈልዎት ነበር?» የሚለውን ጥያቄም ከቅጹ ይሰርዙት፤ የቀድሞውን ቀጣሪ አድልዎ እያሸጋገረ ወደ እርስዎ ያመጣዋል።

ደረጃ 4፦ የቅጥርና የምዘና ሥርዓቱን ይጻፉ

ጊዜ የማይቆጠብበት ደረጃ ይህ ነው። ወቀሳውን ሁሉ በወንድ መዛኞች ላይ ማሳረፍ እንዳይቀናዎት አንድ ሙከራ ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ በተደረገ ጥናት 127 የሳይንስ መምህራን ለላቦራቶሪ ሥራ አስኪያጅነት የቀረበ አንድ ዓይነት ማመልከቻ እንዲመዝኑ ተጠየቁ፤ ልዩነቱ ከፊሉ ላይ የወንድ፣ ከፊሉ ላይ የሴት ስም መጻፉ ብቻ ነበር። የወንድ ስም ያለበት የበለጠ ብቃት ያለው ተብሎ ተመዘነ፣ የተሻለ ደመወዝም ቀረበለት። ሴት መምህራንም ያደሉት ልክ እንደ ወንዶቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው የስዊድን የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ምርመራ ደግሞ አንዲት አመልካች የወንዱን ያህል የብቃት ነጥብ ለማግኘት 2.5 እጥፍ የምርምር ውጤት ይጠበቅባት እንደነበር አሳይቷል። ስለዚህ ጥንቃቄውን በመዛኙ ቅንነት ላይ አይጣሉት፤ በቅጹ ላይ ይገንቡት።

ሀ. ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ከስድስት የማይበልጡ መስፈርቶችን ከነክብደታቸው ይወስኑ። መስፈርት ከማመልከቻ በኋላ ሲወጣ ልብ ለከጀለው ሰው ልክ ይሰፋል።

ለ. ማስታወቂያውን «አመልካቾች» እያሉ በብዙ ቁጥር ይጻፉት፤ «ልምድ ያለው፣ የተመረቀ» ሲል ወንድ የሚጠራ ይመስላል። የደመወዝ እርከኑን፣ የመስክ ጉዞውን መጠንና በከፊል ሰዓት መሥራት ይቻል እንደሆነ ይግለጹ። የግድ የሚያስፈልገውንና ቢኖር የሚመረጠውን ይለዩ።

ሐ. መዛኞች ነጥባቸውን ለየብቻ ሞልተው፣ ፈርመው ካስረከቡ በኋላ ብቻ ይወያዩ። ወንበር ከመሳባቸው በፊት ወረቀቱ ሰብሳቢው እጅ ይግባ። አለበለዚያ አንጋፋው ፕሮፌሰር «እኔስ ሦስተኛውን ልጅ ወደድኩት» ሲሉ የሌላው ሁሉ ብዕር ወደዚያው ያዘነብላል።

መ. ለሁሉም ተመሳሳይ ጥያቄ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል ያቅርቡ። ስለ ጋብቻ፣ ስለ ልጅና ስለ እርግዝና አይጠየቅም፤ በሻይ ሰዓት ጨዋታም ቢሆን። የመስክ ሥራ የሚከብዳት እንደሆነ ማወቅ ከፈለጉ ለሁሉም እኩል «በወር አሥር ቀን መስክ መውጣት ይችላሉ?» ይበሉ።

ሠ. የምርምር ውጤትን በሥራ ላይ በነበሩበት ጊዜ ያካፍሉ። ዶክትሬታቸውን ከያዙ ስምንት ዓመት የሆናቸው ሁለት አመልካቾች ቀረቡ እንበል። አንደኛው 14 ጽሑፍ አለው፤ ሁለተኛዋ 12 አላት፤ ነገር ግን በወሊድና በሕመም ምክንያት ሁለት ዓመት ከምርምር ርቃ ነበር። የእሱ በዓመት 1.75፣ የእሷ 12 ለ6 ሲካፈል 2 ነው። ስሌቱን መዛኞች በየራሳቸው አይሥሩት፤ ቅጹ ላይ ተሠርቶ ይቅረብላቸው። የእረፍቱ ምክንያት አያስፈልግም፤ ርዝመቱ ይበቃል።

ረ. ለምርምር ገንዘብ የሚያወዳድሩ ከሆነ ከአመልካቹ ዝና ይልቅ ለጥናቱ ሐሳብ ክብደት ይስጡ። የካናዳ የጤና ምርምር ተቋማት ሁለቱንም ዓይነት ውድድር ባካሄዱበት ጊዜ ምዘናው በጥናቱ ላይ ሲያተኩር በወንዶችና በሴቶች የስኬት መጠን መካከል የነበረው ልዩነት 0.9 የመቶኛ ነጥብ ነበር፤ በመሪ ተመራማሪው ማንነት ላይ ሲያተኩር ወደ 4 የመቶኛ ነጥብ ከፍ ብሏል። ውጤቱ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው።

ደረጃ 5፦ የማይቆጠረውን ሥራ ይቁጠሩ

ያለፉትን ስድስት ወራት ቃለ ጉባኤዎች ይክፈቱና ጸሐፊው ማን እንደነበር ብቻ ያንብቡ። ከዚያ ይቀጥሉ፦ ኬሚካል የሚያዘው፣ የማቀዝቀዣውን ደወል ሌሊት የሚቀበለው፣ አዲስ ተማሪ የሚያለማምደው፣ ያኮረፈ ታማሚ የሚያባብለው፣ የሽኝት ፕሮግራም የሚያዘጋጀው ማን ነው? ዝርዝሩን በስም ሞልተው ሲጨርሱ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«እነሱ ራሳቸው እሺ ይላሉ» የሚለው ሰበብ ውሃ አያነሳም። እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ የኢኮኖሚ ጥናት ለዕድገት የማይጠቅም ሥራ ሲመጣ ሴቶች የበለጠ እንደሚጠየቁ፣ ሲጠየቁም የበለጠ እንደሚቀበሉ አሳይቷል። ስለዚህ «ፈቃደኛ ማን ነው?» ብሎ መጠየቅ ያቁሙ። እነዚህን ሥራዎች በፊደል ተራ ያዙሩ፤ ዋና ተመራማሪውም ተራው ሲደርስ ቃለ ጉባኤ ይጻፍ። በተራ ሊዞሩ የማይችሉትን፣ ለምሳሌ ተማሪ ማማከርን፣ በሰዓት ይለኩና በምዘና ነጥብ ይስጡባቸው።

ደረጃ 6፦ የደራሲነት ስምምነት አስቀድሞ ይፈረም

ጥናቱ ሲጀመር ማን ምን እንደሚሠራና የስም ቅደም ተከተሉ ምን እንደሚሆን በአንድ ገጽ ይጻፉ፤ መረጃው ተሰብስቦ ሲያልቅ እንደገና ይዩት። ለድርሻ ክፍፍል «ክሬዲት» የተባለው 14 የአስተዋጽኦ ዓይነቶች ያሉት ዝርዝር ያገለግላል። መረጃ ማጽዳትንና ፕሮጀክት ማስተዳደርን ጭምር ስለሚያካትት የደከመ ሰው «ምስጋና» ውስጥ ተሸጉጦ አይቀርም። ጸብ የሚነሳው ጽሑፉ ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚያሸንፈው ሥልጣን ያለው ነው።

ደረጃ 7፦ የስብሰባ ሰዓት

ውሳኔ የሚተላለፍባቸውን ስብሰባዎች ልጆች ትምህርት ቤት በሚውሉበት ሰዓት መካከል ያድርጉ፤ በሌሊትና በሳምንት መጨረሻ ውሳኔ አይተላለፍ። ሰነዱ ከሁለት ቀን በፊት ይድረስ፤ መስማት ወይም ማየት የሚቸገር ባልደረባ አስቀድሞ ይዘጋጅበታል፣ ቶሎ መናገር የማይቀናውም ሰው ሐሳቡን በጽሑፍ ያደርሳል። ከዚህ በላይ የሚባል የለውም።

ደረጃ 8፦ የወሊድና የእንክብካቤ ፈቃድን በሦስት ውይይት ይምሩት

*ከመሄዷ በፊት።* የታካሚዎች ክትትል፣ የናሙና ማቀዝቀዣ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃድ እድሳትና የተማሪዎች ምክር ለማን እንደሚተላለፍ በስም ይጻፉ። ምትክ የሚቀጠርበት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ አሁኑኑ ይወስኑ፤ ገንዘብ ሰጪውንም ጊዜ እንዲያራዝም በጽሑፍ ይጠይቁ። ምትክ ካልተቀጠረ ሥራው ለባልደረቦቿ ይደለደላል፣ ቅሬታው ግን በእሷ ላይ ይወርዳል።

*በፈቃድ ላይ ሳለች።* መገናኘት እንደምትፈልግና በምን ያህል ጊዜ እንደሆነ እሷ ትወስን። አንዳንዷ ምንም መስማት አትፈልግም፤ ሌላዋ ስሟ ያለበት ጽሑፍ ሲመለስ ማወቅ ትፈልጋለች።

*ስትመለስ።* የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከማስተማርና ከኮሚቴ ነጻ ያድርጓቸው፤ የቆመው ምርምር የሚነቃው በዚህ ጊዜ ነው። ጡት ለምታጠባ ከውስጥ የሚቆለፍ፣ ሶኬት፣ ወንበርና የእጅ መታጠቢያ ያለው ክፍል ያዘጋጁ፤ መጸዳጃ ቤት አይሆንም። የታለበ የጡት ወተት የደም ናሙና ወይም ኬሚካል ባለበት ማቀዝቀዣ ፈጽሞ አይቀመጥም፤ ለብቻው ትንሽ ማቀዝቀዣ ይግዙ።

ለአባቶችም ፈቃድ ይሰጥ፤ ነገር ግን በምን ላይ እንደሚያውሉት ይመልከቱ። በታዋቂ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የኢኮኖሚክስ ክፍሎች ለወላጆች ሁሉ ለቋሚ መምህርነት ከመመዘናቸው በፊት ያለው ዘመን እኩል ሲራዘም ቋሚ ሹመት የማግኘት ዕድል ለወንዶች ጨምሮ ለሴቶች ቀንሷል። ወንዶቹ ያገኙትን ጊዜ የበለጠ ለማሳተም ተጠቅመውበታል። ማራዘሚያውን ዋና ተንከባካቢ ለሆነው ወላጅ፣ ሴትም ሆነ ወንድ፣ በማረጋገጫ ማሰር አንዱ መንገድ ነው።

ደረጃ 9፦ ላቦራቶሪውን በአካል ይዙሩት

ከአጭሯ ቴክኒሻንና በተሽከርካሪ ወንበር ከሚንቀሳቀስ ባልደረባ ጋር ሆነው ይዙሩ። የላይኛው መደርደሪያ ይደረሳል? ትንሽ ቁጥር ጓንትና ጋዋን አለ ወይስ «መካከለኛ» ብቻ ነው የሚታዘዘው? የሰፋ ጓንት በመርፌ ሥራ ላይ ያንሸራትታል። የኤን95 ጭንብል በእያንዳንዱ ሰው ፊት ላይ መግጠሙ ተፈትኗል? በመስክ ጣቢያው የሚቆለፍ መጸዳጃ አለ?

ማስጠንቀቂያ፦ ለፅንስ አደገኛ የሆኑ ነገሮች፣ ማለትም ጨረር፣ የካንሰር መድኃኒቶች፣ የማደንዘዣ ጋዞች፣ ቶክሶፕላዝማን የመሳሰሉ ተሕዋስያን፣ ዝርዝር ለሁሉም ሰው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። እርግዝናዋን እስክትናገር መጠበቅ አይቻልም፤ ለፅንሱ አሳሳቢ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያለፉት ገና ሳትናገር ነው። ካሳወቀች በኋላ ዓለም አቀፉ የጨረር መከላከያ ኮሚሽን ለቀሪው የእርግዝና ጊዜ ፅንሱ ከሥራ የሚደርሰው ተጨማሪ ጨረር ከ1 ሚሊሲቨርት እንዳይበልጥ ይመክራል። ይህ ማለት ሳይጠይቋት ከሥራዋ ማንሳት አይደለም፤ አደጋው ተለክቶ ከእሷ ጋር ይወሰናል።

ደረጃ 10፦ የትንኮሳ አቤቱታ መንገድ

በምርምር ዓለም የበዳዩ ጉልበት ከሌላው መሥሪያ ቤት ይለያል። የድጋፍ ደብዳቤው፣ የመረጃ ቋቱ፣ የናሙናው ቁልፍና የመመረቂያው ፊርማ ሁሉ በአንድ አማካሪ እጅ ናቸው። ተማሪዋ አፏን ብትከፍት አራት ዓመት የደከመችበት ነገር ሊቀር ይችላል። ስለዚህ «አቤት በሉ» ከማለትዎ በፊት የሚከተሉትን ያዘጋጁ።

- ቢያንስ ሁለት አቤቱታ ተቀባዮች፤ አንዱ ከክፍሉ ውጭ የሆነ
- አቤቱታ ሲቀርብ አማካሪውን የሚተካ፣ አስቀድሞ የተሰየመ ሰው
- መረጃው የቡድኑ እንጂ የአማካሪው የግል ንብረት እንዳልሆነ የሚገልጽ ጽሑፍ፤ የጋራ ቅጂም በተቋሙ አገልጋይ ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ
- የድጋፍ ደብዳቤን ከሌላ ሰው ማግኘት የሚቻልበት መንገድ
- ለመጀመሪያው ምላሽና ለመጨረሻው ውሳኔ የተቆረጠ ቀን

መመሪያው ማንን እንደሚሸፍን ለመወሰን እ.ኤ.አ. በ2019 የጸደቀውን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 190 ይመልከቱ። ተለማማጆችን፣ በጎ ፈቃደኞችንና ሥራ አመልካቾችን ይሸፍናል፤ ለሥራ የሚደረግ ጉዞንም ይጨምራል። የኮንፈረንስ ሆቴል «የግል ጊዜ ነው» ተብሎ አይታለፍም።

ማስጠንቀቂያ፦ «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል አይግቡ፤ ምርመራ ከተጀመረ ቃልዎን ያፈርሳሉ። ማን ብቻ እንደሚያውቅ ይንገሯት። ሁለቱን አስቀምጦ ማስታረቅም ክልክል ነው፤ ሽምግልና እኩል ጉልበት ላላቸው ሰዎች ነው።

ደረጃ 11፦ ጥናቱ ራሱ ማንን ያካትታል?

በፕሮቶኮሉ ላይ የተሳታፊዎች የጾታ ስብጥር ለምን እንደዚያ እንደሆነ አንድ አንቀጽ ይጻፉ፤ ውጤቱንም በጾታ ለይተው ያቅርቡ። የእንቅልፍ መድኃኒቱን ዞልፒዴም ያስታውሱ፦ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ለሴቶች የሚመከረውን መነሻ መጠን ከ10 ወደ 5 ሚሊግራም ዝቅ ያደረገው መድኃኒቱ ገበያ ላይ ብዙ ዓመታት ከቆየ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። የሴቶች ሰውነት ቀስ ብሎ ስለሚያስወግደው ጠዋት ላይ መኪና ሲነዱ በደማቸው ውስጥ ገና ከፍተኛ መጠን ይገኝ ነበር። ለአዘጋገብ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ሴጀር» መመሪያ ይጠቅማል። ናሙናው ለንዑስ ቡድን ትንተና ካልበቃ ግን ቁጥሩን ያቅርቡ እንጂ ድምዳሜ አይስጡ።

ብዙ ጊዜ የሚፈጸሙ ስሕተቶች

*በየኮሚቴው አንዷን ሴት መሰየም።* ውክልና የተሟላ ይመስላል፤ እሷ ግን ምርምር የምትሠራበት ሰዓት ያልቅባታል። ከፍተኛ ሴት ተመራማሪዎች ጥቂት ከሆኑ ከውጭ ተቋም መዛኝ ይጋብዙና አበል ይክፈሉ።

*ተለዋዋጭ ሰዓትን ለእናቶች ብቻ መፍቀድ።* ወዲያው «የእናቶች መንገድ» የሚል ስም ይወጣለታል፤ የተጠቀመችበትም ከዕድገት ትቀራለች። ለሁሉም ይፍቀዱ፤ ወንድ አለቆችም በግልጽ ይጠቀሙበት።

*በትንሽ ቡድን ውስጥ «ስም አልባ» መጠይቅ መበተን።* ስምንት ሰው ባለበት ክፍል ዕድሜና የሥራ ደረጃ ከተጠየቀ ስም አልባነቱ የይስሙላ ነው። ከሌሎች ክፍሎች ጋር ቀላቅለው ያካሂዱት ወይም የውጭ ሰው ያነጋግራቸው።

*ሴቶችን አንድ ወጥ አድርጎ ማየት።* አካል ጉዳት ያለባት፣ ከሩቅ አካባቢ የመጣች ወይም በሁለተኛ ቋንቋ የምትሠራ ሴት የሚገጥማት እንቅፋት ከሌላዋ ይለያል፤ በደረጃ 2 ቁጥሩ ሲፈቅድ ለይተው ይዩት።

*ሰንጠረዡን አንድ ጊዜ ሞልቶ መተው።* በየዓመቱ በአንድ ወር፣ ከበጀት ጥያቄ በፊት ይሙሉት። ከበጀቱ በኋላ የወጣ ግኝት የሚፈጸምበት ገንዘብ ስለማያገኝ አንድ ዓመት ሙሉ ይጠብቃል።